«ዛሬ አንገባም» የሚል አለቃ

እንዲህ ያለ ጠዋት በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉ። ጀልባዋ ወደቡን ለቃ ከወጣች ቆይታለች። የአየር ሲሊንደሮቹ ሞልተው ተደርድረዋል፤ ተመራማሪዋ ይህችን ቀን ስትጠብቅ ወራት ቆጥራለች፤ የጀልባዋ ኪራይና ነዳጅ አስቀድሞ ተከፍሏል። ቦታው ላይ ሲደርሱ ግን ማዕበሉ በርትቷል፣ ውሃውም ደፍርሷል። አደጋውን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞሯል። እሱም ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ይመለከትና «ዛሬ አንገባም» ይላል።

ይህችን ሁለት ቃል በረጋ ድምፅ መናገር የሚችል ሰው መሆን እመኛለሁ። እርስዎም እንዲሆኑ እመኛለሁ። በቅርቡ የተረኛ ነርሶች አስተባባሪ፣ የግንባታ ፎርማን፣ ወይም የባንክ ሱፐርቫይዘር ሆነው ከተሾሙ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ባሕር በዓይንዎ አይተው የማያውቁ ቢሆን እንኳ ይከተሉኝ። ሰውን ስለመምራት ካነበብኋቸው ነገሮች ሁሉ ልቤን ይበልጥ የነካው ለምርምር ወደ ባሕር የሚገቡ ጠላቂ ዋናተኞች የሚተዳደሩበት ደንብ ነው።

እነዚህ ሰዎች ባዮሎጂስቶች፣ ጂኦሎጂስቶች፣ አርኪዮሎጂስቶች ናቸው። ኮራል ይቆጥራሉ፣ ናሙና ይሰበስባሉ፣ የሰመጠ መርከብ ይለካሉ። ሌላው ሰው ወደ ሥራው በታክሲ እንደሚሄድ እነሱ ወደ ሥራቸው የሚደርሱት በመጥለቅ ነው። መንገዱ ግን ይቅርታ አያውቅም። 10 ሜትር ብቻ ሲወርዱ በሰውነት ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ወለል በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። በዚያ ግፊት የሚተነፍሱት አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ደምና ወደ ሥጋ ሰርጎ ይገባል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በቀስታ ሲከፈት ጋዙ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በአንዴ ሲከፈት ግን ይገነፍላል። የጠላቂም ሰውነት እንዲሁ ነው። ተጣድፎ ወደ ላይ ከወጣ ናይትሮጅኑ ውስጡ አረፋ ይሆንበታል፤ ሽባ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ወደ ላይ ሲወጣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይሠለጥናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

የሙያው ታሪክ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ጋር የተሳሰረ ነው። ላ ሆያ በሚባለው ቦታ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኮንራድ ሊምቦ የሚባል ወጣት ባዮሎጂስት እዚያ የመጀመሪያው የጠላቂዎች ኃላፊ ሆነ። የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅ ገና አዲስ ነገር ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ሌሎች ተመራማሪዎችን ማሠልጠን፣ ማን እስከ ስንት ጥልቀት መውረድ እንደሚችል መፈተን፣ ደንብ መጻፍ ጀመሩ። ሊምቦ ራሱ ከሌሎች ዓሦች ገላ ላይ ጥገኛ ተባይ እየለቀሙ የሚያጸዱ ትንንሽ ዓሦችንና ሽሪምፖችን በማጥናት የታወቀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1960 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካሲ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ፖር ሚዩ ወደተባለ የውሃ ውስጥ ዋሻ ገባ። በሕይወት አልወጣም።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ዝም እላለሁ። ሌሎችን ያስተማረ፣ የመጀመሪያውን ደንብ ከጻፉት አንዱ የሆነ፣ በሙያው ተወዳዳሪ ያልነበረው ሰው ነበር። ውሃ ግን ማዕረግ አይጠይቅም። ከእሱ በኋላ ኃላፊነቱን የተረከበው ጂም ስቱዋርት ለሦስት አስርተ ዓመታት ያህል በቦታው ቆየ፤ ብዙ የምርምር ተቋማትም የስክሪፕስን አሠራር አርአያ አድርገው የራሳቸውን ፕሮግራም አቋቋሙ። ከኀዘን በኋላ ሥራውን ይበልጥ በጥንቃቄ መቀጠል ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ያስቡት።

እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በባሕር ውስጥ ለሚበይዱ፣ ቧንቧ ለሚዘረጉና ለሚጠግኑ ጠላቂዎች ጥብቅ ደንብ አወጣ። ደንቡ ተመራማሪዎቹንም አብሮ ጠቀለላቸው። እነሱም ተሰባስበው የአሜሪካ የውሃ ውስጥ ሳይንሶች አካዳሚን መሠረቱ፤ ለዓመታት በራሳቸው ሥርዓት ሲሠሩ የቆዩበትን የደኅንነት መዝገብም አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1982 መሥሪያ ቤቱ ከንግድ ጠላቂዎች ደንብ ነፃ አደረጋቸው። ነፃነቱ ግን በቅድመ ሁኔታ ነበር፦ የተጻፈ የደኅንነት መመሪያና የቁጥጥር ቦርድ ይኑራችሁ፤ ቦርዱ በፕሮግራሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይኑረው፤ ከአባላቱም አብዛኞቹ ራሳቸው የሚጠልቁ ይሁኑ ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። «ተቆጣጣሪ አያስፈልገንም» አላሉም። በጥንቃቄ የኖሩበትን ዘመን ማስረጃ አድርገው አቀረቡና ቁጥጥሩን ራሳቸው ተረከቡት። እርስዎም በመሥሪያ ቤትዎ አለቃ በየሰዓቱ ትከሻዎ ላይ እንዳይቆም ይፈልጉ ይሆናል። መንገዱ ይኸው ነው! ማንም ሳይጠይቅዎ የሚይዙት መዝገብ፣ ማንም ሳያይዎ የሚያከብሩት ሰዓት ነገ የሚከራከርልዎ ጠበቃ ነው።

ከቦርዱ በታች የጠላቂዎች ደኅንነት ኃላፊ አለ። የዕለት ተዕለቱ ሥራ በእሱ እጅ ነው፤ ሥልጠናውን ይመራል፣ የመጥለቅ ዕቅዶችን ይመረምራል፣ የእያንዳንዱን ጠላቂ የሕክምና ማረጋገጫና የመጥለቅ መዝገብ ይይዛል፣ አደጋ አለው ያለውን ሥራ ያስቆማል። በአካዳሚው መመዘኛ ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈ አንድ ሐሳብ አለ፤ እኔ በትልቁ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል። ኃላፊው ከሥራው ከፊሉን ብቃት ላለው ሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ የፕሮግራሙን ደኅንነት ኃላፊነት ግን ከራሱ ላይ ሊያወርድ አይችልም። ሥራው ይወከላል፣ ኃላፊነቱ አይወከልም ማለት ነው።

እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ይዘን አድገናል። እኔ ይህ ተረት ከልጆቻችን ጆሮ እንዲጠፋ ከልቤ እመኛለሁ። የደኅንነት ኃላፊው ሹመት የሚበላ ነገር የለውም፤ የሰው ነፍስ አደራ ነው ያለበት። ምክትሉ ሥልጠናውን ሲሰጥ እሱ ቤቱ ሊያርፍ ይችላል፤ ስልኩ ግን ክፍት ነው። ነገሩ ሲበላሽ «እኔ አልነበርሁም» የሚል መልስ የለውም። ለሠራተኛዎ ሥራ ሲያካፍሉ በሙሉ እምነት ያካፍሉ፤ ሳይጨነቁ፣ ሳይነዘንዙ። ጥፋት ሲመጣ ግን ከሠራተኛዎ ፊት ቀድመው ይቁሙ። ሰው የሚያድገው እንዲህ ባለ አለቃ ሥር ነው።

ጀልባዋ ላይ ደግሞ የቡድን መሪው አለ። ከመግባታቸው በፊት ሁሉንም ሰብስቦ ዓላማውን፣ የየሰዉን ድርሻ፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን፣ ሊገጥም የሚችለውን አደጋ ይነግራቸዋል። ማን ከማን ጋር እንደሚጠልቅ ይለያል፤ ብቻውን የሚወርድ የለምና። ኦክስጅኑ የት እንዳለ፣ የግፊት ሕክምና የሚሰጠው ቅርብ ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ሁኔታው ካላማረው ሥራውን ያቋርጣል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ሕግ ግን ስለ አለቆቹ አይደለም። ማንኛውም ጠላቂ፣ ትናንት የመጣው ተማሪም ቢሆን፣ ሁኔታው አደገኛ መስሎ ከታየው ወይም ከሠለጠነበት በላይ ከሆነ «አልገባም» ማለት ይችላል። እንዲያውም መመዘኛው ነገሩን ከመብትነት አሳልፎ ግዴታ ያደርገዋል። ያለ ፈቃዱ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንዲገባ የሚገደድ የለም።

ይህን ሳነብ አንድ የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጥቂት ሰዎች ኃላፊ በሆንሁበት ቦታ አንድን ልጅ እስከ ማታ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አዘዝሁት። አፉን ከፈት አደረገና ፊቴን አይቶ መልሶ ዘጋው። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ሥራው ተበላሽቶ መጣ። በኋላ ስጠይቀው መጀመሪያውኑ እንደማይደርስ ያውቅ ነበር። «ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት። ዝም አለ። ያ ዝምታ ስለ እኔ ብዙ ነገረኝ። ልጁ የተማረ፣ ጎበዝ፣ ታማኝ ነበር፤ የጎደለው ነገር «አይሆንም» የሚልበት በር ብቻ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ ስሰጥ «ምን ያሳስብሃል?» ሳልል አልጨርስም። መጀመሪያ መልስ አላገኝም ነበር። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ያው ልጅ «ጋሼ፣ ይኼ እንኳ በዚህ መልኩ አይሆንም» አለኝ። እንዴት እንደተደሰትሁ!

እርስዎም ከነገ ጀምሮ ይህን ሊያደርጉት ይችላሉ። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ሰዎችዎን ይሰብስቡ፤ ዛሬ ምን እንደምትሠሩ፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ቢበላሽ ማን ለማን እንደሚደውል ይንገሯቸው። ከዚያ የመጨረሻውን ቃል ከሁሉ ለሚያንሰው ሰው ይስጡ። እምቢ ያለውን በሰው ፊት ያመስግኑ፤ ስጋቱ ኋላ ላይ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያመስግኑት። «ዛሬ አንገባም» ያሉበት ቀን የጠፋ ቀን መስሎ ይታይዎት ይሆናል። ባሕሩ ግን ነገም እዚያው ነው፤ ተመራማሪዋም ነገ ትመጣለች።

አሁን ወደ ጀልባዋ እንመለስ። ሌላ ቀን ነው፤ ውሃው ጠርቷል፤ መሪው «እንግባ» ብሏል። እሱ ራሱ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አረፋዎቹ የሚወጡበትን ቦታ በዓይኑ ይከተላል። ሰዓቱን ያያል። ከደቂቃዎች በኋላ አንድ ራስ ብቅ ይላል፤ ጠላቂዋ እጇን አናቷ ላይ ታሳርፋለች፤ ደኅና ነኝ ማለቷ ነው። መሪውም በተመሳሳይ ምልክት ይመልስላትና በስሟ ትይዩ የወጣችበትን ሰዓት ይጽፋል። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ ጓደኛዋን ይጠብቃል።