የተዘጋው በር፦ የጂን ቁጥጥርና አዮዳይድ በታይሮይድ ካንሰር ሴል

እንቅርት ሲባል ብዙዎቻችን «የአዮዲን እጥረት ነው» ብለን እናልፋለን። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነን። ነገር ግን አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። በዚህች ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው የእንቅርት ሴልና የታይሮይድ ካንሰር ሴል ለአዮዳይድ ያላቸው ጠባይ ተቃራኒ መሆኑን ነው።

ለማስረዳት እንዲመቸኝ ጀጎልን ልዋስ። ግንቡ የሴሉ ሽፋን ነው እንበል። አዮዳይድ ግንብ ሰርስሮ አይገባም፤ እንደ አስማዲን በሪ ያለ በር ይፈልጋል። በሩ ኤንአይኤስ የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ሁለት የሶዲየም አዮኖች ሲገቡ አንድ አዮዳይድ አብሮ ያስገባል። የአይጡን ጂን እነ ናንሲ ካራስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ለይተው አወጡት።

ይህ ጂን በሴሎቻችን ሁሉ አለ። ታይሮይድ ውስጥ እንዲነበብ የሚያደርጉት ግን እንደ ፓክስ 8 ያሉ፣ ከጂኑ ቀደም ብሎ ባለው ዲኤንኤ ላይ የሚቀመጡ ፕሮቲኖች ናቸው። አንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚላከው ቲኤስኤች ሆርሞንም ንባቡን ያበረታታል። አዮዲን ሲጎድል ቲኤስኤች ይጨምራል፣ በሩም ይበዛል። እንቅርት የተጠማ ነው፤ ያገኘውን ይስባል።

ካንሰሩ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በፓፒላሪው ዓይነት ዘወትር የሚገኘው ብራፍ ቪ600ኢ የተባለ የጂን ለውጥ ማፕ ካይኔዝ የሚባለውን የእድገት መልእክት መስመር ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ያኔ ፓክስ 8 ይዳከማል፤ ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ሂስቶኖችም አሴታይል ምልክታቸውን ያጡና ጂኑ ይዘጋል። ልብ በሉ፣ ጂኑ ዝም አለ እንጂ አልጠፋም። በአንዳንድ ካንሰሮች ደግሞ ፕሮቲኑ ተሠርቶ ሴሉ ውስጥ ይቀራል፤ በሩ አናጺው ቤት ቀረ እንደማለት ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ዕጢው በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ የተረፈውንና የተዛመተውን ካንሰር ለማጥፋት አዮዲን 131 ይሰጣል። ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። በሩ ከተዘጋ በሽተኛው ጨረሩን ተቀብሎ ጥቅሙን ሳያገኝ ይቀራል። ለዚህ ነው ከሕክምናው በፊት ቲኤስኤች ከፍ እንዲል የሚደረገው፣ አዮዲን ያለበት ጨውም ለ1 ወይም 2 ሳምንት የሚከለከለው። (በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ከወጣ በኋላ «አዮዲን ያለውን ግዙ» እያልን አስተምረን፣ ዞረን «ተዉት» ስንል በሽተኛው ምን ይለን ይሆን?)

በሩን ማስከፈትስ ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ አዮዲን 131 የማይሠራላቸው 20 በሽተኞች ያንን የመልእክት መስመር የሚገታውን ሴሉሜቲኒብ ለ4 ሳምንት ወሰዱ። የ12ቱ ካንሰር አዮዲን መሳቡ ጨመረ፤ 8ቱ ለአዮዲን 131 ሕክምና በቁ። ኤንራስ የተባለው ጂን የተለወጠባቸው 5ቱም ሲጨምርላቸው፣ ብራፍ ከተለወጠባቸው 9 ግን የጨመረላቸው 4ቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ትልቅ ሙከራ ግን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ብዙም ያልቆዩ በሽተኞች መድኃኒቱ ቢጨመርላቸው የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል። እነዚህ በጂን ለውጣቸው የተመረጡ አልነበሩም። እኔ እንደሚመስለኝ በሩ በምን እንደተዘጋ ሳይለዩ ቁልፉን ለሁሉም መስጠት ብዙ አያራምድም።