ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሞገድና ሕጉ

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ተጠጋግተው በተሠሩ ቤቶች፣ የአንዱ ዋይፋይ የሌላውን ሊያውክ ይችላል። ለምን?

የ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ያለ ፈቃድ ለመገናኛ ከፈቀዳቸው አንዱ ነው። ስፋቱ 83.5 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በቀድሞው የዋይፋይ ደረጃ አንድ ቻናል 22 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

«ያለ ፈቃድ» ማለት «ያለ ሕግ» ማለት አይደለም። የሥርጭት ኃይል ገደብ አለው፤ ተጠቃሚው ባለፈቃዱን ማወክ አይችልም፤ እርሱ ቢታወክም ከለላ የለውም። ከኮረብታ የሚለቀቅ ሞገድ ደግሞ ብዙ ቤቶችን ይደርሳል። ኢንተርኔት ለሕዝብ መሸጥ ግን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል።

እንግዲህ መፍትሔው ኃይል መጨመር ሳይሆን ያልተጨናነቀ ቻናል መምረጥ ነው፤ ሁሉም ከጮኸ የሚደማመጥ የለምና።