ትምህርት 12፦ ምልክትን ከምክንያት ለይቶ መጻፍ

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት የአንድን ሥራ አካሄድ በቅደም ተከተል መጻፍን ተምራችኋል። አሁን ደግሞ የአንድን ብልሽት ምክንያት እየመረመረ የሚያስረዳ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ትማራላችሁ። እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚጽፍ ሰው ያየውን፣ የገመተውንና ያረጋገጠውን ለይቶ ማስቀመጥ ይገባዋል። ግምቱን እንደ እውነት አድርጎ ከጻፈ ግን አንባቢውን ለከንቱ ወጪ፣ አንዳንዴም ለከባድ ጥፋት ይዳርገዋል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ የዘይት ግፊት መብራት ሲበራ

እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቭየት ኅብረት መሠራት የጀመረችውንና በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችውን ላዳ በመሰሉ አሮጌ መኪናዎች፣ የዘይት ግፊት መብራት በርቶ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መብራቱ ግን ምልክት ነው እንጂ ምክንያት አይደለም።

በሞተር ውስጥ የዘይት ፓምፕ ከታች ካለው ማጠራቀሚያ ዘይት እየሳበ በማጣሪያው በኩል በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚኖቹ መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ይገፋዋል። ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ሲያረጅ ብሮንዚኖቹ ይበላሉ፤ ክፍተቱም ይሰፋል፤ ግፊቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በተለይ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥንና ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ድካሙ ጎልቶ ይታያል።

በጉዞ ላይ ሳላችሁ መብራቱ ቢበራ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። በብዙ አሮጌ ሞተሮች መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር ግድም በታች ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ “እስከ ቤት ያደርሰኛል” ማለት ሞተሩን መሠዋት ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ። በመጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ቦታ ጥቂት ደቂቃ ከቆመ በኋላ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ እዩ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ዘይት ጨምሩ፤ የት እንደ ሄደም ፈልጉ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቀጥኗል፤ ወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል።

የዘይቱ መጠንም ሆነ መልኩ ደህና ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመረመረው ራሱ ምልክት ሰጪው ነው። ከሞተሩ ጎን ከተጠመደችው የግፊት ማብሪያ ላይ ሽቦውን ንቀሉ። ሽቦው ተነቅሎም መብራቱ ካልጠፋ፣ ሽቦው ተልጦ ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቷል። ከጠፋ ግን ማብሪያዋን ፈትቶ በቦታዋ የግፊት ጌጅ መግጠም ያስፈልጋል። ከሞቀ ሞተር በደቂቃ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር ግድም ይጠበቃል፤ ትክክለኛው ልክ ግን የሚገኘው ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ጌጁ ደህና ግፊት ካሳየ የተበላሸችው ማብሪያዋ ናት፤ ወጪውም ከሞተር ማስከፈት ጋር አይወዳደርም።

ግፊቱ ሞተሩ ቀዝቅዞም ሞቆም ዝቅተኛ ከሆነ፣ የፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ተዘግቶ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ባልቦላ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ወይም ፓምፑ ራሱ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነና ከሞተሩ ሥር የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፣ ብሮንዚኖቹ ሳይበሉ አይቀሩም። ወፍራም ዘይት መጨመር መብራቱን ለጊዜው ያጠፋው ይሆናል፤ የተበላውን ብሮንዚን ግን አይመልሰውም። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ሞተሩ ተከፍቶ ክፍተቱ ሲለካ ነው።

ሐ. ማስተዋያ

በምንባቡ ውስጥ የእርግጠኝነት መጠን በሦስት ደረጃ እንደ ተገለጠ ልብ በሉ።

1. “ሊሆን ይችላል” ግምትን ያመለክታል። ሌሎች ምክንያቶችም ገና አልተወገዱም።
2. “ሳይሆን አይቀርም” በማስረጃ የተደገፈ ጠንካራ ግምትን ያመለክታል።
3. “ነው” የተረጋገጠን ነገር ያመለክታል።

አንድ የታክሲ ባለንብረት መብራቱን ብቻ አይቶ “ብሮንዚኑ ስላለቀ መብራቱ በርቷል” ብሎ ለመካኒኩ ቢጽፍለት፣ መካኒኩ ቃሉን አምኖ ሞተሩን ሊፈታው ይችላል። “ስለ” የሚለው ቃል ምክንያቱ እንደ ታወቀ አድርጎ ያቀርባልና። “መብራቱ በርቷል፤ ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ምክንያቱን ግን አላወቅሁም” ቢለው ኖሮ ባጭር ቃል የተሻለ እርዳታ ባደረገለት ነበር። “መብራቱ ነው የተበላሸው” ብሎ ሳይመረምር የሚነዳ ሰውም ስሕተቱ ያው ነው፤ ዋጋው ግን ሞተሩን ያህል ነው።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ “ከሆነ”፣ “ካልጠፋ”፣ “ካሳየ” በሚሉት ቃላት የተመሠረቱትን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፣ ሁኔታውንና ውጤቱን ለየብቻ ጻፉ።
2. “ፓምፑ አልቋል” የሚለውን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያ ወደ ግምት፣ ቀጥሎም ወደ ጠንካራ ግምት ለውጡ።
3. ዘይቱ ከመለካቱ በፊት ጌጅ መግጠም የማይገባው ለምንድን ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱ።
4. በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የውሃ ፓምፕን ወይም የልብስ ስፌት መኪናን መርጣችሁ፣ ብልሽቱ እንዴት እንደሚመረመር በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በማስተዋያው የተሰጡትን ሦስት አገላለጾች በተገቢ ቦታቸው ተጠቀሙ፤ ያላረጋገጣችሁትንም “ነው” አትበሉ።