622ኛው ማንን ይነካል? የፕሮቲን ንክኪን በላፕቶፕ መመርመር

ለግሸን ማርያም በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግማሽ ሰዓት የቀደማችሁ ጓደኛ ጠመዝማዛው ላይ ድንገት ከአናታችሁ በላይ ብቅ ይልና ይጣራል። በመንገዱ ከተለካ ሩቅ ነው፤ ለጆሮ ግን ቅርብ ነው። ይህን በአምባሰል ተራራ ያየ ተማሪ የፕሮቲንን ነገር ለመረዳት ብዙም አይቸገርም። አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ በተራ የተሰኩ ናቸው፤ ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ግን በተራ ቁጥር የተራራቁት ጎረቤት ይሆናሉ። የፕሮቲኑን ቅርጽ አጽንቶ የሚይዘውም ይኸው ጉርብትና ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ የገባውን እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ባለሙያዎች «ሬሲዲዩ» ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

አንድ ክረምት ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና «ጋሼ፣ ፕሮቲኑን ከፈትኩት፤ ያምራል። ከዚያስ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጥያቄው የሁሉም ጀማሪ ጥያቄ ነው። ባለቀለም ምስል ማሽከርከር ዓይን ያጠግባል እንጂ መልስ አይሰጥም። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን ከነገርኩት ብዙም አይለይም።

መለማመጃችን የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ነው፤ ስሙ ኬልች 13። 726 አሚኖ አሲዶች አሉት። የመረጥኩት ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጎንደር አካባቢ በወጣ ጥናት፣ በዚህ ፕሮቲን 622ኛ ቦታ ላይ አርጂኒን በአይሶሉሲን የተተካባቸው ተውሳኮች ተገኙ። ለውጡ «አር622አይ» ተብሎ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና አማራን፣ ትግራይንና ጋምቤላን ያካተተ ጥናት ደግሞ 609 የወባ ናሙናዎችን መርምሮ 8.0 በመቶው ይህን ለውጥ እንደያዙ አሳየ። በኤርትራ በ2016 8.6 በመቶ የነበረው በ2019 21.0 በመቶ ደርሷል። ለውጡ ተውሳኩ አርቴሚሲኒንን በከፊል እንዲቋቋም ያደርገዋል። ከአርቴሚሲኒን የተሠራው አርቴሜተር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አገራችን ለፋልሲፓረም ወባ በመጀመሪያ ደረጃ የምትሰጠው የኮአርተም አንዱ ግማሽ ነው። መድኃኒቱ ከነአካቴው ከሽፏል ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሉሜፋንትሪን፣ አለ። ግን አንዲት አሚኖ አሲድ ብትለወጥ ማንን ትነካ ነበር፣ ማንንስ ትለቃለች የሚለው የእኛም ጉዳይ ነው።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ማውረድ

መብራትና ኔትወርክ አንድ ላይ ሲገናኙ ወደ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ግቡ። ይህ ማኅደር እ.ኤ.አ. በ1971 በ7 ቅርጾች ብቻ ተጀምሮ ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል፤ ሁሉም በነጻ ነው። መፈለጊያው ላይ የኬልች 13ን ቅርጽ መለያ፣ 4ዋይዋይ8 (4YY8) ብላችሁ ጻፉና የፒዲቢ ፋይሉን አውርዱ። መጠኑ በስልክ ከተነሳ ፎቶ አይበልጥም። ካይሜራ ኤክስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራምም በዚያው ቀን ጫኑ፤ እሱ ግን ከባድ ስለሆነ ሌሊት ላይ ማውረድ ይሻላል። ፓይተን የሚችል ባዮፓይተንን ይጨምር። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ደረጃ 2፦ ከምስሉ በፊት ፋይሉን ማንበብ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ብዙ ስሕተትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፋይሉን በተራ ጽሑፍ ማንበቢያ ክፈቱት። «አተም» ብሎ የሚጀምረው እያንዳንዱ መስመር የአንድ አተም መታወቂያ ነው፦ የአተሙ ስም፣ የሬሲዲዩው ስም በሦስት ፊደል፣ የሰንሰለቱ ፊደል፣ የሬሲዲዩው ቁጥር፣ ከዚያ ሦስት የቦታ ቁጥሮች። ልኬቱ አንግስትሮም ነው፤ አንድ ሜትር ለ10 ቢሊዮን ሲካፈል ማለት ነው።

መጀመሪያ 622ን ፈልጉና በእርግጥ አርጂኒን መሆኑን አረጋግጡ። ፋይልና የጂን ቁጥር የማይገጥሙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እዚህ የተሳሳተ ሰው ከዚህ በኋላ የሚለካው ሁሉ የሌላ ሬሲዲዩ ነው። ቀጥሎ «ሪማርክ 465» የሚሉትን መስመሮች አንብቡ፤ ሙከራው ውስጥ ኖረው በኤክስሬይ ያልታዩ ሬሲዲዮች የሚዘረዘሩት እዚያ ነው። የኬልች 13 የፊተኛው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ጨርሶ የለም። የሌለ ነገር ጎረቤት የለውም፤ ይህን ግን «ንክኪ የለውም» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። አንድ አተም «ኤ» እና «ቢ» የሚሉ ሁለት አማራጭ ቦታዎች ካሉትም አንዱን ምረጡ፤ አለበለዚያ አንዱን ጎረቤት ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ።

ሰንሰለቶቹንም ቁጠሩ። እኔ በሌላ ፕሮቲን ላይ ስጀምር ፋይሉ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ቅጂዎች ለይቼ ስላልያዝኩ፣ ክሪስታሉ ውስጥ በአጋጣሚ የተጠጋጉትን እንደ እውነተኛ ንክኪ ቆጥሬ አንድ ሳምንት ሙሉ ለፍቻለሁ። አንዳንዴ ግን ሁለቱ ቅጂዎች በሕይወት ውስጥም ተጣምረው ይሠራሉ፤ ያኔ በመካከላቸው ያለው ንክኪ እውነተኛ ነው። ለአሁኑ ሰንሰለት «ኤ»ን ብቻ ያዙ።

ደረጃ 3፦ ንክኪ ምን እንደሆነ መወሰን

ኮምፒውተሩ ርቀት ይነግራችኋል። ንክኪ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ውሳኔውም ከስሌቱ በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

የተለመዱ መስፈርቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀላሉ ነው፦ ከየሬሲዲዩው አንድ አተም ብቻ፣ አልፋ ካርቦኑን ወይም ቤታ ካርቦኑን ወስዶ ርቀቱ ከ8 አንግስትሮም በታች ከሆነ «ይነካካሉ» ማለት። ሁለተኛው ከሃይድሮጂን በስተቀር ሁሉንም አተሞች አወዳድሮ፣ በጣም የተቀራረቡት ሁለቱ ከ4.5 አንግስትሮም በታች ከሆኑ መቀበል። ለጠቅላላ ካርታ የመጀመሪያው ይበቃል። ለ622 ጥያቄ ግን የመጀመሪያው ያታልላል፤ ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ለልምምድ ብቻ ከራሴ ያወጣኋቸውን ነጥቦች ውሰዱ። የአንድ አርጂኒን ጫፍ ላይ ያለ ናይትሮጂን 12.0፣ 8.0፣ 5.0 ላይ ነው እንበል። የአንድ አስፓርቲክ አሲድ ኦክስጅን ደግሞ 14.0፣ 10.0፣ 4.5 ላይ። ልዩነታቸው 2.0፣ 2.0 እና 0.5 ነው። እያንዳንዱን በራሱ አባዙት፦ 4፣ 4 እና 0.25። ድምሩ 8.25፣ ካሬ ሥሩ 2.87። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ሁለት ጫፎች ከ4 አንግስትሮም በታች ሲቀራረቡ «የጨው ድልድይ» ይባላል፤ ይህ በፕሮቲን ውስጥ ካሉት ጠንካራ መያዣዎች አንዱ ነው። አሁን የሁለቱን አልፋ ካርቦኖች እንመልከት፦ 8.0፣ 4.0፣ 7.0 እና 15.0፣ 9.0፣ 1.3። በዚያው መንገድ ስታሰሉት 10.3 ይመጣል። በ8 አንግስትሮም መስፈርት እነዚህ ሁለቱ አይተዋወቁም! አርጂኒን ረጅም ክንድ አለው፤ ትከሻውን ብቻ የሚለካ ሰው እጁ ማንን እንደጨበጠ አያይም።

በተራ የተያያዙት ሬሲዲዮች ምንጊዜም ቅርብ ስለሆኑ፣ በቁጥር ከ4 በታች የሚለያዩትን ጥንዶች ከስሌቱ አውጡ። ግሸን መንገድ ላይ አጠገባችሁ የሚሄደው ሰው ቅርብ መሆኑ ወሬ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ማስላት

የኬልች 13 ዋና ክፍል ከ443 እስከ 726 ያለው ነው፤ 284 ሬሲዲዮች። ይህ 40,186 ጥንድ ይሆናል። በእጅ የሚሞከር አይደለም፤ ለፓይተን ግን የሰከንዶች ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ የአተሞቻቸውን ሁሉ ርቀት አስሉ፣ ትንሹን ያዙ፣ ከ4.5 በታች ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ብላችሁ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገቡ። ባዮፓይተን «ኔበር ሰርች» የሚባል ፈጣን መሣሪያ ስላለው ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ውኃና ሌሎች ባዕድ ሞለኪውሎችን አስቀድማችሁ አስወጡ።

ደረጃ 5፦ ካርታውን መፈተሽ

ሰንጠረዡን በምስል ስታወጡት በሁለቱም ጎን ከ443 እስከ 726 የተጻፈበት አራት ማዕዘን ይሆናል፤ 1 ያለበት ሁሉ ነጥብ ነው። ኬልች 13 እንደ ፕሮፔለር ስድስት ክንፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንፍ ፊትና ኋላ ተመላልሶ የታጠፈ ስለሆነ፣ ከሰያፉ መስመር ቀጥ ብለው የሚነሱ ጭረቶች በስድስት ቡድን ሊታዩአችሁ ይገባል።

ወደ ጥጉ ሂዱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሬሲዲዮች ከመጨረሻዎቹ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው። መሶብ የምትሰፋ ሴት ዙሩን ስትዘጋ መጨረሻውን ከመነሻው ጋር እንደምታጋጥም፣ ይህም ፕሮቲን ክቡን የሚዘጋው የመጀመሪያውን ጫፍ ከመጨረሻው አጋጥሞ ነው። ስለዚህ ጥጉ ላይ ነጥቦች መኖር አለባቸው። ባዶ ከሆነ ቁጥር አሳስታችኋል ወይም ሰንሰለቱን ቆርጣችኋል፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ የ622ን ጎረቤቶች መለየት

ከሰንጠረዡ የ622ን ረድፍ ብቻ አውጡ። በእያንዳንዱ ጎረቤት አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ትንሹ ርቀት ስንት ነው፣ የትኞቹ ሁለት አተሞች ናቸው፣ ከ622 በኩል ያለው አተም የሰንሰለቱ ጀርባ ነው ወይስ የጎን ክንዱ? ይህ ሦስተኛው ነው ዋናው። የጀርባው አተሞች በአይሶሉሲንም ውስጥ ስላሉ፣ በእነሱ በኩል ያለው ንክኪ ሊቀጥል ይችላል። የሚጠፋው የክንዱ ነው።

ከዚያ በዓይነት ለዩአቸው። ናይትሮጂንና ኦክስጅን በ3.5 አንግስትሮም ውስጥ ሆነው አቅጣጫቸው ከገጠመ የሃይድሮጂን ትስስር ነው። ቻርጅ ያላቸው ጫፎች ከሆኑ የጨው ድልድይ። ቀለበት ያለው አሚኖ አሲድ ፊት ለፊት ካለ እሱንም መዝግቡ፤ የአርጂኒን ጫፍ ቀለበት ላይ መንተራስ ይወዳል። የቀረው መጠጋጋት ብቻ ነው።

በካይሜራ ኤክስ ለማመሳከር «ቱልስ» ውስጥ «ስትራክቸር አናሊሲስ»፣ ከዚያ «ኮንታክትስ» የሚለውን ተጫኑ። ዝርዝሩ ከእናንተ ጋር ልክ ለልክ ባይገጥም አትደንግጡ። እሱ ቀጥታ ርቀት ሳይሆን የአተሞቹን ስፋት አስልቶ ምን ያህል እንደተደራረቡ ነው የሚለካው።

ደረጃ 7፦ አይሶሉሲንን መተካት

የውጫሌ ልጅ አንዲት ቃል ምን እንደምታደርግ አስረጂ አያስፈልገውም፤ በ1881 ዓ.ም. እዚያው በተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ «ይቻላቸዋል» የሚለው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱ አድዋ አድርሷል። እዚህም በዲኤንኤው ላይ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት። አርጂኒን ከሃይድሮጂን ውጭ 11 አተሞች አሉት፤ አይሶሉሲን 8። አርጂኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ውኃ ይወዳል፤ አይሶሉሲን ቻርጅ የለውም፤ ውኃ ይሸሻል።

«ሮታመርስ» በሚለው መሣሪያ 622ን ወደ አይሶሉሲን ቀይሩና ደረጃ 6ን ድገሙ። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አድርጉ፦ የጠፋው፣ የቀረው፣ አዲስ የመጣው። አደራ፣ ፕሮግራሙ የሚቀይረው ክንዱን ብቻ ነው። እውነተኛው ፕሮቲን ግን ጎረቤቶቹን ገፍቶ ይደላደላል። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው ፕሮግራም፣ አልፋፎልድም፣ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ የአንዲት አሚኖ አሲድ ለውጥ የሚያመጣውን መናጋት አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ «ይህ ድልድይ ይጠፋል» ማለት ትችላላችሁ፤ «መድኃኒቱ የማይሠራው በዚህ ነው» ማለት ግን አትችሉም። ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። በሌሎች የኬልች 13 ለውጦች ላይ የተሠራ ጥናት የፕሮቲኑ መጠን ሕዋሱ ውስጥ እንደሚቀንስ ማሳየቱ ግን፣ የላላ ንክኪን መፈለግ ከንቱ ድካም እንዳልሆነ ይጠቁማል።

ደረጃ 8፦ መስፈርቱን ማወዛወዝ

ተማሪው ዝርዝሩን ጨርሶ ሲመለስ ፊቱ አልፈካም። «ጋሼ፣ አንዱ ጎረቤት 4.6 ላይ ቀረ። ልጨምረው?»

አይጨመርም፤ ዝም ብሎም አይጣልም። ስሌቱን በ4.0፣ በ4.5 እና በ5.0 ሦስት ጊዜ አስኪዱ። በሦስቱም የሚገኘውን በቀይ፣ በሁለቱ ብቻ የሚገኘውን በሰማያዊ አስምሩ፤ በ5.0 ብቻ የሚመጣውን በእርሳስ ጻፉት። ከዝርዝሩ አናት ላይ የፋይሉን መለያ፣ ሰንሰለቱን፣ የወሰዳችኋቸውን አተሞችና መስፈርቱን አስፍሩ። ከዚያ መብራት ሳይሄድ በፍላሽ ገልብጡት።