ራሷን የሳተች ልጅ አትቁም

አይዞሽ ሆዴ። ቅዳሴ ላይ መውደቅሽ አያሳፍርም፤ ማንም ዓይን አልጣለብሽም። ከጀርባሽ የተባለውን ሁሉ ተዪውና እኔን ስሚኝ፤ ፍልሰታ ገና ብዙ ቀን አለው፣ ነገም ትቆሚያለሽ።

ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ከደረቱ ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ይወርዳል። አንገትሽ ላይ፣ ትርታው በጣት በሚዳሰስበት አካባቢ፣ የደም ግፊት መቀነስን የሚያውቁ ነርቮች አሉ። እነሱ ለአንጎል ሲናገሩ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ስሮች ይጠባሉ፣ አንቺ ምንም ሳይታወቅሽ ነገሩ ያልፋል። እግርሽ ላይ የወረደውን ደም መልሶ ሽቅብ የሚገፋው ግን የባትሽ ጡንቻ ነው። ስትራመጂ ባትሽ እየተኮማተረ ደም መላሽ ስሮችን ይጨምቃል፤ በውስጣቸው ያሉት መዝጊያዎችም ደሙን ወደ ታች አያስመልሱትም። ሳትነቃነቂ ለረጅም ሰዓት ስትቆሚ ባትሽ ሥራ ይፈታል፣ ደሙም እዚያው ይጠራቀማል።

በዚያ ላይ ከማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስሽም። ሰዉ ተጨናንቋል፣ ይሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ የቆዳን ስሮች ይከፍታል። እንዲህ ሲደራረብበት ሰውነት አንዳንዴ ያልተጠበቀ ነገር ያደርጋል፦ መፍጠን የሚገባው ልብ ይዘገያል፣ መጥበብ የሚገባቸው ስሮች ይላላሉ፣ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ግን የለውም። ደሙ ለጥቂት ሰከንድ ሲቀርበት ራስሽን ትስቻለሽ። መሬት ላይ ስትዘረጊ ጭንቅላትሽና ልብሽ እኩል ይሆናሉ፣ ደሙ ይደርሳል፣ ትነቂያለሽ።

እኔን ያናደደኝ ከዚህ በኋላ የተደረገው ነው። ብብትሽን ይዘው ሊያቆሙሽ ታገሉ! በደግነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ራሷን የሳተችን ልጅ ማቆም ወደ አንጎሏ እየተመለሰ ያለውን ደም እንደገና ማውረድ ነው። ጓደኛሽ ብትወድቅ በጀርባዋ አስተኚያት፣ እግሯን ከፍ አድርጊው፣ ነጠላዋንና መቀነቷን አላሊ፣ ሰዉን ገለል አድርጊና አየር ይግባላት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይቅር፤ ጭሱ መተንፈሻን ያቃጥላል እንጂ የሚያድነው ነገር የለም። ሳትነቃ አፏ ውስጥ ውሃ አይፍሰስ፣ ወደ ሳንባ ይገባል። እጅና እግሯ ለጥቂት ሰከንድ ቢንቀጠቀጥም ‹የሚጥል በሽታ ነው› ብለሽ ስም አታውጪላት፤ ተራ ራስን መሳት ላይም ይታያል። ከነቃች በኋላም ቶሎ አትነሳ፤ ተኝታ ትቆይ፣ ከዚያ ትቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ ትቁም። ትንፋሿን ካጣሽው ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃች ግን ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ።

ነገሩ ከመምጣቱ በፊት ምልክት አለው። ያዛጋሻል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልብሻል፣ ያቅለሸልሽሻል፣ ጆሮሽ ይጮኻል፣ ዓይንሽ ጭልም ይላል። ይህን ያየሽ ሰዓት ተቀመጪ። ዲያቆኑ ‹ተነሡ› ቢል እንኳ አትነሺ፤ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያውቃል። መቀመጫ ካጣሽ እግርሽን አጠላልፈሽ ጭንሽንና መቀመጫሽን አጥብቀሽ ጭመቂ፣ ጣቶችሽን ቆላልፈሽ እጆችሽን ወደ ውጭ ሳቢ፤ ግፊቱን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ እስክትቀመጪም ያደርስሻል። ደህና ሳለሽም በየጊዜው ተረከዝሽን አንሺ፣ ባትሽ ይሥራ። ጾም ከፈታሽ በኋላ ውሃ ደጋግመሽ ጠጪ፤ ሽንትሽ ጠቆር ካለ አልበቃሽም ማለት ነው። ሽሮሽም ጨው አይጉደለው። (ግፊት ያለባት እናታችን ግን የጨውን ነገር እንዳትሰማኝ።) ሕመም ካለብሽ ወይም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም አማክሪ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የወር አበባሽ ይበዛል? በሰዓት ሰዓት ሞዴስ የምትቀይሪ ከሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታና የሚያደክምሽ ከሆነ ደም ማነስ ሊኖርብሽ ይችላል። ሄሞግሎቢን ተለኪ፤ ላልጸነሰች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ከምግብ ጋር ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ከእህል የሚገኘውን ብረት ስለሚቀንስ፣ ቡናውን ትንሽ አዘግዪው።

ሳትዘገዪ ሐኪም ጋ የምትሄጂበትም አለ። ስትሮጪ ወይም ተኝተሽ ሳለሽ ራስሽን ከሳትሽ፣ ከመውደቅሽ በፊት ልብሽ ያለ ልክ ከመታ ወይም ደረትሽ ካመመሽ፣ ከዘመድ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ። የወር አበባዋ ቀርቶ ሆዷን አሟት የወደቀች ደግሞ ለነገ አትበል፤ ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰ ፅንስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትድረስ።

ሐኪሙ ከመሣሪያው በፊት ታሪክሽን ይፈልጋል። ቆመሽ ነበር ወይስ ተቀምጠሽ? ምን ተሰማሽ? ስንት ሰዓት ላይ በላሽ? ለምን ያህል ጊዜ ራስሽን ሳትሽ፣ ፊትሽ ምን መሰለ? የመጨረሻውን አንቺ አታውቂውም፤ ስትወድቂ ያየችሽን ልጅ ይዘሻት ሂጂ።