የጉጃራቲ የነጋዴ ስምና የመርካቶ ተራ፦ «ቮራ» ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ?

በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ዱባይ ተራ የሚባለው የገበያ ክፍል ስሙን ያገኘው ከሰው አይደለም፤ ከሚሸጥበት ዕቃ ዓይነትም አይደለም። ሸማ ተራ በሸማው፣ በርበሬ ተራ በበርበሬው ተጠርተዋል። ዱባይ ተራ ግን የተጠራው ሸቀጡ በተገዛበት ወደብ ነው። ከባሕር ማዶ፣ በምዕራብ ሕንድ በምትገኘው በጉጃራት፣ ይኸው አሰያየም ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ልዩነቱ በዚያ የወደቡና የሸቀጡ ስም የሚለጠፈው በቦታው ላይ ሳይሆን በሰውየው ላይ መሆኑ ነው። በአደን ወደብ የነገደ ሰው «አደንዋላ» ይባላል፤ ልጁና የልጅ ልጁ አደንን በዓይናቸው ባያዩም አደንዋላ እንደተባሉ ይኖራሉ።

ይህ አጭር ጽሑፍ «ቮራ» የተሰኘውን የጉጃራቲ የቤተሰብ ስምና የቅርብ ዘመዶቹን መነሻና የዛሬ ስርጭት ይመረምራል። የሚያቀርበው መከራከሪያ ጉጃራት የንግድን ትዝታ በዘር ስም ስታቆይ መርካቶ በቦታ ስም አቆይቷል የሚል ነው። ይህም ልዩነት የስም ታሪክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬ ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በሚሞላው ሰነድ ላይ በግልጽ ይታያል።

የስሙ መነሻ

የጉጃራቲ ሙሉ ስም በተለምዶ ሦስት ክፍል አለው። ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ የሚለው ስም ሲተነተን ሞሃንዳስ የራስ ስም፣ ካራምቻንድ የአባት ስም፣ ጋንዲ ደግሞ የቤተሰብ ስም ነው፤ ትርጉሙም ሽቶና ቅመማ ቅመም ነጋዴ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። እንግዳ የሚሆነው ሦስተኛው ነው። ኢትዮጵያዊው በሦስተኛው ቦታ አያቱን ሲያስገባ ጉጃራቲው ሙያውን፣ የቀድሞ አባቱን ሹመት ወይም የመጣበትን ስፍራ ያስገባል።

«ቮራ» የተገኘው «ቮሆርቩ» ከሚለው የጉጃራቲ ግስ ሲሆን ትርጉሙ መነገድ፣ መገበያየት ማለት ነው። የቃሉ ሥር ወደ ሳንስክሪቱ «ቭያቫሃር»፣ ማለትም ግብይት ወይም ጉዳይ ወደሚለው ቃል ይመራል። ስለዚህ ቮራ በቀጥታ ሲፈታ «ነጋዴ» ነው። ስሙ እንደ አካባቢውና እንደ ጸሐፊው ቮራ፣ ቮህራ፣ ቫሆራ፣ ቦህራ እየተባለ ይጻፋል፤ የጉጃራቲው የ«ቭ» ድምፅ ወደ ሂንዲ ሲሻገር ብዙ ጊዜ «ብ» ይሆናል።

የቮራ ስም ለጥናት የሚማርከው የአንድ ሃይማኖት ንብረት ባለመሆኑ ነው። ስሙን የጃይና እምነት ተከታዮችና ሂንዱዎች ይጠሩበታል። በመካከለኛው ጉጃራት፣ በአናንድና በኬዳ አካባቢ ያሉ የሱኒ ሙስሊም ማኅበረሰቦችም ይጠሩበታል። የእስማኤሊያ ሺዓ ቅርንጫፍ የሆኑት ዳውዲ ቦህራዎች ደግሞ ስሙን የማኅበረሰባቸው መጠሪያ አድርገውታል። የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ታሪክ ከቀይ ባሕር ጋር የተሳሰረ ነው። እምነታቸው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከየመን በመጡ ሰባኪዎች አማካይነት በካምባት ወደብ በኩል ጉጃራት ገባ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የእምነቱ መሪዎች መቀመጫ ራሱ ከየመን ወደ ጉጃራት ተዛወረ። በየመንና በጉጃራት መካከል ሰውና ዕቃ ሲመላለስበት የኖረው ይህ መስመር ከምጽዋና ከዘይላ ብዙም የራቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለተመራማሪ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። በፑንጃብ የኻትሪ ማኅበረሰብ ውስጥ «ቮህራ» የሚባል የቤተሰብ ስም ይገኛል፤ ባለቤቶቹ ግን ጉጃራቲዎች አይደሉም። የስልክ ማውጫ ወይም የመራጮች መዝገብ ይዞ ስሙን ብቻ የሚቈጥር ሰው ሁለት የተለያዩ ሕዝቦችን በአንድ አኀዝ ውስጥ ይደባልቃል። የቮራን ስርጭት ለማወቅ ስሙ ከሃይማኖቱ፣ ከመንደሩና ከራስ ስሙ ጋር ተጣምሮ መነበብ አለበት።

ወደብን በስም መሸከም

ዳውዲ ቦህራዎች «ቦህራ»ን ለማኅበረሰቡ ትተው ለየቤተሰቡ መለያ ብዙውን ጊዜ በ«ዋላ» የሚጨርስ ስም ይይዛሉ። «ዋላ» የአንድ ነገር ባለቤት፣ ሻጭ ወይም የአንድ ቦታ ሰው መሆንን የሚያመለክት ቅጥያ ነው። ሎካንድዋላ ብረት ነጋዴ፣ ሞቲዋላ ዕንቁ ነጋዴ፣ ራንጉንዋላ የራንጉን ሰው ነው። በጉጃራቲ ተናጋሪዎቹ ፓርሲዎች ዘንድ ልማዱ የበለጠ ተራቋል፤ ዳሩዋላ የመጠጥ ነጋዴ፣ ባትሊዋላ የጠርሙስ ነጋዴ ነው። በብሪታንያ አስተዳደር ጊዜ በቦምቤይ ኢንጂነር፣ ኮንትራክተር የሚሉ የእንግሊዝኛ የሙያ ስሞች ሳይቀሩ የቤተሰብ ስም ሆነዋል። «ሶዳቦትልኦፕነርዋላ»፣ ማለትም የሶዳ ጠርሙስ ከፋች፣ የሚለው ስም ቀልድ ቢመስልም የዚህ ልማድ ምሳሌ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

ለኢትዮጵያ ታሪክ ቅርብ የሆነው ግን አደንዋላ ነው። ብሪታንያ አደንን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን ወደቡ እስከ 1932 ድረስ የሚተዳደረው ከቦምቤይ ነበር፤ የሚገበያይበትም በሩፒ ነው። በዚህ ምክንያት ጉጃራቲው ነጋዴ አደን ሲወርድ ወደ ባዕድ አገር የገባ አይመስለውም ነበር ማለት ይቻላል። ከቦምቤይ መጥቶ በአደን የከበረው ፓርሲው ካዋስጂ ዲንሾ (1827-1900) በቀይ ባሕርና በሶማሌ ጠረፍ የሚመላለሱ መርከቦች የነበሩት ኩባንያ አቋቋመ፤ ቤተሰቡም አደንዋላ ተባለ። ወደቡ በሰው ስም ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ሦስተኛም መንገድ ነበረ፤ የአንድ ታዋቂ አባት የራስ ስም ረግቶ የዘሩ ሁሉ መጠሪያ መሆን። የዛንዚባሮቹ ካሪምጂ ጂቫንጂዎችና በናይሮቢ ዛሬም በስሙ የሚጠራ መናፈሻ ያለው አሊባይ ሙላ ጂቫንጂ ከቦህራዎች ወገን ናቸው፤ ካሪምጂም ጂቫንጂም መጀመሪያ የሰው የራስ ስም ነበሩ። መጨረሻው ላይ ያለው «ጂ» የአክብሮት ቅጥያ ነው፤ በአማርኛ «አቶ» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ለልጅ ልጅ እንደመውረስ ያለ ነው።

የዛሬ ስርጭት

ቮራና ዘመዶቹ ዛሬም በብዛት የሚገኙት በጉጃራትና በሙምባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድ ስትከፈል ከሙስሊሞቹ መካከል ብዙዎች ወደ ካራቺ ተሻገሩ። በምሥራቅ አፍሪካ በሞምባሳ፣ በናይሮቢ፣ በዛንዚባርና በዳሬሰላም ሰፈሩ። በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን ከዩጋንዳ ሲያባርር ደግሞ የጉጃራቲ የቤተሰብ ስሞች በሌስተርና በለንደን በረከቱ። በዚህ ረገድ ከቮራ ይልቅ የታወቀው «ፓቴል» ነው፤ ፓቴል የመንደር ሹም ማለት ሲሆን ባለስሞቹ በእርሻ ከሚታወቅ ማኅበረሰብ የወጡ ናቸው። ዱባይም ከዚሁ መረብ ውጭ አልነበረችም። የጉጃራት፣ የካችና የሲንድ ነጋዴዎች በዴይራና በቡር ዱባይ ገበያዎች በዕንቁ፣ በጨርቅና በወርቅ ንግድ ላይ ቈይተዋል፤ ዱባይ ራሷ እስከ 1966 ድረስ የምትገበያየው በሩፒ ነበር።

ስሙ ኢትዮጵያ ሲደርስ

በቀይ ባሕር ወደቦች የሂንዱና የጃይና ነጋዴዎች «ባንያን» ይባሉ ነበር። ይህም ከጉጃራቲው «ቫኒዮ»፣ ነጋዴ፣ የመጣ ሲሆን በምጽዋ ከዳህላክ ዕንቁ ንግድ ጋር ስማቸው ይነሣል። በመሀል አገር ግን ከማንም በላይ የታወቀው የቦህራው የሙሐመዳሊ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሐረር ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ ተስፋፋ፤ በውጭ ንግድም ከአገሪቱ ታላላቅ ድርጅቶች አንዱ ሆነ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ከኢትዮጵያ አስወጡት። ቀድሞ በአራዳ የነበረው ዋናው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እንዲዛወር የተደረገውም በዚያው በወረራው ዘመን ነው።

የሙሐመዳሊ ስም በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሲሰማ አንድ ነገር ይደርስበታል። ለጉጃራቲው ሙሐመዳሊ አንድ ስም ነው፤ ኢትዮጵያዊው ግን «መሐመድ አሊ» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል፤ መሐመድ የራሱ፣ አሊ የአባቱ ይሆናል። ለትውልድ ሁሉ እንዲያገለግል የረጋው የቤተሰብ ስም እዚህ ሲደርስ የአንድ ሰውና የአባቱ ስም ሆኖ ተነበበ። ከሦስቱ የጉጃራቲ የስም መንገዶች በኢትዮጵያ ስሙ የገነነው ይህ ሦስተኛው መሆኑ በአጋጣሚ ቢሆንም ለአገሩ ጆሮ ከቮራና ከአደንዋላ የቀለለው እርሱ ነው።

ምክንያቱም የኢትዮጵያ አሰያየም ሙያንም ሹመትንም በዘር አያወርስም። «ነጋድራስ» ማዕረግ ነበር፤ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ጉጃራት ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንደ ፓቴል ወይም እንደ መህታ፣ ማለትም እንደ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ፣ የቤተሰብ ስም ሆኖ በቀረ ነበር። የድሬዳዋው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ማዕረጋቸውን ይዘው አለፉ እንጂ ነጋድራስ የሚባል ዘር አልተዉም። ንግድ በስም የመዘከር ፍላጎት ግን አልጠፋም፤ ወደ መሬቱ ዞረ። ድር ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ የመርካቶ «ዋላዎች» ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነጋዴው ሱቁን ሸጦ ቢሄድ፣ ልጁ ሐኪም ቢሆን፣ ተራው ስሙን ለሚተካው ሰው ያቆየዋል። ዱባይ ተራም እንዲሁ ነው። ዕቃው በቻይና ተሠርቶ በዱባይ በኩል ይለፍ ወይም በሌላ መንገድ ይምጣ፣ ስሙ አይለወጥም፤ አደንን ያላየ አደንዋላ እንደሚኖር ሁሉ ዱባይን ያላየ ሸቀጥ በዱባይ ተራ ይሸጣል።

ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ቅጽ ላይ

የኢትዮጵያ ሕግ የቤተሰብ ስምን ለማስገባት ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንደሚኖረውና በአስተዳደር ጽሑፎችም የቤተ ዘመድ ስሙ እንደሚቀድም ደንግጓል። ድንጋጌው በወረቀት ቀረ። ሕዝቡም መሥሪያ ቤቱም በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም መጠቀሙን ቀጠሉ። የሕጉ አርቃቂ ምሁር ያሰበው የአውሮፓ ሥርዓት በማንም ቤት አልገባም፤ ሕግ ስም ሊመዘግብ ይችላል፣ ሰው በማይጠራራበት ስም እንዲጠራራ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ውጤቱ በዱባይ ይታያል። ለምሳሌ ነስሩ ከድር ሱልጣን የሚባል የዱባይ ተራ ነጋዴና ልጁ ሙባረክ ነስሩ ከድር አብረው ለግዢ ይሂዱ። የቪዛው፣ የባንኩና የመጫኛ ሰነዱ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ። የአያት ስም ሲሞላ አባትየው ሱልጣን፣ ልጁ ከድር ይሆናሉ። ሁለት ወንድማማቾች ቢሆኑ አንዱ የአያቱን፣ ሌላው የአባቱን ስም ሞልቶ ሊለያዩ ይችላሉ። በዴይራ ያለው ሻጭ ቮራ ቢሆን በእርሱ ሰነድ ላይ አያት፣ አባት፣ አጎትና ልጅ ሁሉም ቮራ ናቸው፤ የድርጅቱ መልካም ስምና በዱቤ የመታመን ዕድል ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፉ ስሙ ራሱ ምስክር ይሆናል። ነስሩ ለልጁ የሚያወርሰው ይህን የመሰለ የጽሑፍ ምልክት የለውም። ዕዳ በመክፈል ያገኘው አመኔታ የሚታወቀው በሚያውቁት ሰዎች ቃል፣ በሱቁ ቦታና በስልክ ቁጥሩ ነው። ልጁ ከአዲስ ሻጭ ጋር ሲገናኝ የማን ልጅ እንደሆነ ከመጀመሪያው ማስረዳት ይኖርበታል።

ለታሪክ ተመራማሪም ችግሩ ያው ነው። ቮራን ወይም አደንዋላን በቦምቤይ፣ በአደንና በሞምባሳ የንግድ ማውጫዎችና የመርከብ መዝገቦች ውስጥ በአንድ ስም ለሦስትና ለአራት ትውልድ መከታተል ይቻላል። የመርካቶ ቤተሰብ ግን በየሠላሳ ዓመቱ መጨረሻው ላይ የሚጻፈው ስም ይለወጣል፤ በፊደል ቅደም ተከተል የተደረደረ መዝገብ አባትና ልጅን በተለያየ ገጽ ያስቀምጣቸዋል። የሚገናኙት የሱቅ ቁጥራቸው፣ የኪራይ ውላቸውና የግብር ደረሰኛቸው ሲመሳከር ነው። ስለዚህ የዱባይ ተራን የንግድ ቤቶች ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከነጋዴው ስም ሳይሆን ከሱቁ መጀመር፣ በዚያ ሱቅ የተፈራረቁትንም ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ መቍጠር ይጠበቅበታል።