በድጎማ ማጭበርበር ወንጀል የግል ማቅለያ ምክንያቶች ሚና፦ የእንግሊዝና ዌልስ ልምድ

በእንግሊዝና ዌልስ በማኅበራዊ ድጎማ ላይ ማጭበርበር የፈጸመ ሰው ቅጣት የሚወሰነው ከኦክቶበር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ መሠረት ነው። መነሻ ቅጣቱን የሚወስኑት የጥፋተኝነቱ ደረጃና ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ መጠን ናቸው። የግል ሁኔታዎች የሚመዘኑት ከዚህ በኋላ ነው፦ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ አለመኖር፣ ጸጸት፣ ከባድ ሕመም፣ የጥገኛ ቤተሰብ ብቸኛ ተንከባካቢ መሆን፤ እንዲሁም ተከሳሹ መብቱ ሆኖ ሳለ ሳይጠይቀው የቀረ ድጎማ።

እነዚህ ምክንያቶች የእስራቱን ዘመን ሊያሳጥሩ ይችላሉ። ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ክብደታቸው ግን እስራቱ በገደብ ይታለፍ ወይስ ወዲያውኑ ይፈጸም በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ ጠንካራ የግል ማቅለያንና እስራቱ በሌሎች ላይ የሚያስከትለውን ከባድ ጉዳት ለገደብ ከሚያበቁ ነጥቦች ቆጥሯቸዋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2012 በሌላ ዓይነት ወንጀል በሰጠው ውሳኔ፣ የልጆች ጥቅም ሚዛኑን ሊለውጥ የሚችለው በተለይ ጉዳዩ በእስራት አፋፍ ላይ ሲሆን እንደሆነ፣ ወንጀሉ በከበደ መጠን ግን ይህ ዕድል እንደሚጠብ አመልክቷል።

በመሆኑም እኩል ገንዘብ ከወሰዱ ሁለት ተከሳሾች አንዷ ወደ ልጆቿ፣ ሌላዋ ወደ ወህኒ ልትሄድ ትችላለች። ልዩነቱ ፍትሐዊ የሚሆነው ዳኛው ለእያንዳንዱ ማቅለያ የሰጠውን ክብደት በፍርዱ ላይ በግልጽ ሲያሰፍር ነው።